የአንድ ሥር ሁለት ቤተሰቦች፦ «ሁይስ» በደች ጥምር ቃላት ውስጥ

መግቢያ

የደች ቋንቋ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚያገኛቸው ቃላት አንዱ «ሁይስ» ነው፤ ትርጉሙም «ቤት» ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ «ዚከንሁይስ» (ሆስፒታል)፣ «ስታትሁይስ» (የከተማ አስተዳደር ሕንፃ)፣ «ሁይስአርትስ» (የቤተሰብ ሐኪም)፣ «ሁይስቬርክ» (የቤት ሥራ) እና ሌሎች በርካታ ተዛማጅ ቃላት ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ሥር ስለሚጋሩ በአንድ ዝርዝር ሥር መሰብሰባቸው የተለመደ ነው። አሰባሰቡ ለማስታወስ ይረዳል፤ ሆኖም አንድ መሠረታዊ ነገር ይሸፍናል። «ሁይስ» በ«ዚከንሁይስ» ውስጥ የሚሠራው ሰዋሰዋዊ ሥራና በ«ሁይስአርትስ» ውስጥ የሚሠራው ሥራ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በደች ቋንቋ አንድ ሥር አንድ ቤተሰብ ሳይሆን ሁለት ቤተሰቦች እንዳሉት ማሳየት ነው። ሥሩ በቀኝ በኩል የሚቆምባቸው ጥምር ቃላት አንዱ ቤተሰብ፣ በግራ በኩል የሚቆምባቸው ደግሞ ሌላው ቤተሰብ ናቸው። የቀኙ የጥምር ቃሉን ጾታ፣ የብዙ ቁጥር ቅርጽና የቃል ክፍል ይወስናል፤ የግራው ደግሞ ሁለቱ አባላት በምን ዓይነት አያያዥ ድምፅ እንደሚገናኙ ይወስናል። በመጨረሻም ይህ ልዩነት አማርኛ «ቤተ መንግሥት» እና «ትምህርት ቤት» በሚሉት ሁለት ሥርዓቶቹ ከሚያሳየው ልዩነት ጋር በአጭሩ ይነጻጸራል።

በዚህ ጽሑፍ «ሥር» ሲባል እንደ ሴማዊ ቋንቋዎች የተነባቢ ስብስብ ሳይሆን ብቻውን መቆም የሚችል፣ የሌሎች ቃላት መነሻ የሚሆን ቃል ማለት ነው። የደች ቃላት በፊደል ሲጻፉ የቋንቋውን አጻጻፍ በተቻለ መጠን ይከተላሉ። «ሁይ» ተብሎ የተጻፈው ጥንድ አናባቢ በአማርኛ ትክክለኛ አቻ የለውም፤ «ኸ» የተጻፈበትም የደች የጉሮሮ ድምፅ ነው።

ጥምር ቃልና ሐረግ

በደች ቋንቋ ጥምር ቃል ያለ ክፍተት እንደ አንድ ቃል ይጻፋል። ይህ የአጻጻፍ ልማድ ብቻ ሳይሆን የትርጉምም ጉዳይ ነው። «ሆኸ ስኾል» በሁለት ቃል ሲጻፍ ሐረግ ነው፤ ከፍታ ያለው የትምህርት ቤት ሕንፃ ማለት ይሆናል። «ሆኸስኾል» ተብሎ በአንድ ቃል ሲጻፍ ግን በሙያ ላይ ያተኮረ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ስም ነው። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ክፍተቱ ግን አንዱን ገለጻ፣ ሌላውን ስያሜ ያደርገዋል። ጥምር ቃላትን ያለ ቦታው ነጣጥሎ የመጻፍ ስሕተት በደች ተናጋሪዎች ዘንድ «የእንግሊዝ በሽታ» የሚል የቀልድ ስም የተሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እንግሊዝኛ ብዙ ጥምር ስሞቹን በክፍተት ለይቶ ይጽፋልና።

በንግግርም ልዩነቱ ይሰማል። በአብዛኞቹ ጥምር ስሞች ዋናው የድምፅ ጫና በመጀመሪያው አባል ላይ ያርፋል፤ «ዚከንሁይስ» ሲባል ጎልቶ የሚሰማው «ዚ» ነው። «ስታትሁይስ» ግን ጫናውን በ«ሁይስ» ላይ በማሳረፉ ከዚህ ደንብ ይወጣል።

የቀኝ ቤተሰብ፦ ሥሩ መሪ ሲሆን

የደች ጥምር ስም መሪ በቀኝ በኩል የሚገኘው አባል ነው። የእንግሊዝኛን ጥምርና ውልድ ቃላት ያጠናው ኤድዊን ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1981 «የቀኝ መሪ ደንብ» ብሎ ያቀረበው መርሕ በደች ስሞችም ላይ በሰፊው ይሠራል። መሪው የጥምሩ ዓይነት ምን እንደሆነ ይናገራል። «ኮፊሁይስ» (ቡና ቤት) ቤት እንጂ የቡና ዓይነት አይደለም፤ «ቬስሁይስ» (የሙት ልጆች ማሳደጊያ) ቤት እንጂ ሙት ልጅ አይደለም፤ «ቮንሁይስ» (መኖሪያ ቤት) ደግሞ «ቮን» ከሚለው የ«መኖር» ግስ ግንድ ቢጀምርም በጠቅላላው ስም እንጂ ግስ አይደለም።

ይህን የሚያረጋግጠው ጠንካራ ማስረጃ ጾታ ነው። በደች ቋንቋ ነጠላ ስም «ደ» ወይም «ሄት» ከሚሉት የእሙርነት አመልካቾች አንዱን ይወስዳል። «ሁይስ» ከ«ሄት» ጋር ይሄዳል። በመሆኑም «ዚከንሁይስ»፣ «ስታትሁይስ»፣ «ኮፊሁይስ»፣ «ቬስሁይስ» እና «ቫረንሁይስ» (ልዩ ልዩ ሸቀጥ የሚሸጥበት ትልቅ መደብር) ሁሉም «ሄት» ይወስዳሉ። የግራው አባል ብቻውን ሲቆም «ደ» የሚወስድ መሆኑ ለውጥ አያመጣም፤ «ስታት» (ከተማ) «ደ ስታት» ነው፣ «ስታትሁይስ» ግን «ሄት ስታትሁይስ» ነው። የብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። «ሁይስ» ሲበዛ «ሁይዘን» ስለሚሆን «ዚከንሁይስ»ም «ዚከንሁይዘን» ይሆናል፤ የ«ስ» ወደ «ዝ» መለወጥ ሳይቀር አብሮ ይወረሳል።

ይህ ውርስ ትርጉሙ ከቤት በራቀበት ጊዜ እንኳ አይቋረጥም። «ስላከንሁይስ» የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው፤ «ክሎክሁይስ» ደግሞ የፖም ፍሬ የሚይዘው መካከለኛ ክፍል ነው። ሁለቱም የሚኖርባቸው ሰው የለም፤ ሁለቱም ግን «ሄት» ይወስዳሉ፤ ሲበዙም በ«ሁይዘን» ያልቃሉ። ሰዋሰዋዊው ውርስ ከትርጉሙ ውርስ ይልቅ ጽኑ መሆኑን እነዚህ ቃላት ያሳያሉ።

ከደንቡ የሚያፈነግጡ ቃላት አሉ። «ብሊክ» (ዕይታ) «ደ» ሲወስድ «ኦኸንብሊክ» (ቅጽበት) «ሄት» ይወስዳል፤ «ስቲፕ» (ነጥብ) «ደ» ሲወስድ «ቴይትስቲፕ» (የተወሰነ ሰዓት) «ሄት» ይወስዳል። እነዚህ ቃላት ከአባላታቸው ትርጉም ርቀው እንደ ነጠላ ቃል የተያዙ ናቸው። ይሁን እንጂ «ክሎክሁይስ» በተመሳሳይ ርቀት ላይ ቆሞ ጾታውን አለመለወጡ፣ የትርጉም ርቀት ብቻውን ጾታን እንደማያስለውጥ ያመለክታል።

የግራ ቤተሰብ፦ ሥሩ ገላጭ ሲሆን

«ሁይስ» ወደ ግራ ሲዛወር እነዚህን ሥልጣኖቹን ሁሉ ለባልንጀራው ይለቃል። «ሁይስአርትስ» «ደ» የሚወስደው «አርትስ» (ሐኪም) «ደ» ስለሚወስድ ነው። «ሁይስካመር» (ሳሎን) እና «ሁይስባስ» (የቤት አከራይ) በተመሳሳይ ምክንያት «ደ» ይወስዳሉ። «ሁይስዲር» (የቤት እንስሳ) እና «ሁይስቬርክ» «ሄት» ቢወስዱም ይህ ከ«ሁይስ» የመጣ አይደለም፤ «ዲር» (እንስሳ) እና «ቬርክ» (ሥራ) ራሳቸው «ሄት» ስለሚወስዱ ነው። ሁለቱን ቤተሰቦች ቀላቅሎ የሚያጠና ሰው «ሁይስ» ያለበት ቃል ሁሉ «ሄት» ይወስዳል ብሎ ቢደመድም በ«ሁይስዲር» ይሳካለታል፣ በ«ሁይስአርትስ» ይሳሳታል፤ የተሳካለትም በአጋጣሚ መሆኑን አያውቅም።

በግራ ያለ ሥር ከመሪው ጋር የሚኖረው የትርጉም ዝምድና በቃሉ ላይ አይታይም። በ«ሁይስካመር» ክፍሉ የቤቱ አካል ነው፤ በ«ሁይስዲር» እንስሳው በቤት ይኖራል፤ በ«ሁይስቬርክ» ሥራው በቤት ይሠራል፤ በ«ሁይስባስ» ሰውየው የቤቱ ባለቤት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ቅርጽ ነው፤ አንባቢው ዝምድናውን የሚያገኘው ከልማድና ከዓለም ዕውቀት ነው።

ይህ ክፍትነት ምን ያህል አሳሳች እንደሚሆን «ሁይስአርትስ» በጉልህ ያሳያል። ቃል በቃል ሲወሰድ «የቤት ሐኪም» ስለሚሆን ወደ ቤት እየመጣ የሚያክም ሐኪም ሊመስል ይችላል። በኔዘርላንድስ ግን «ሁይስአርትስ» የታማሚው የመጀመሪያ የሕክምና በር ነው፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ወደ ሆስፒታል ልዩ ሐኪም የሚያደርሰው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ የሪፈር ወረቀት በኩል ያልፋል። ቃሉን «የቤት ሐኪም» ብሎ የተረዳ አዲስ ገቢ ሐኪሙ ለእርሱ አስፈላጊ እንዳልሆነ ሊቆጥርና በቀጥታ ወደ «ዚከንሁይስ» ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በአማርኛ «የቤተሰብ ሐኪም» የሚለው ትርጉም ተመራጭ ነው፤ በግራ ያለውን ቃል ሳይሆን በሁለቱ አባላት መካከል ያለውን ዝምድና ይተረጉማልና።

አያያዥ ድምፆችና የግራው ቤተሰብ ሥልጣን

እስካሁን የግራው አባል ምንም የማይወስን ሊመስል ይችላል። የሚወስነው ግን አለ፤ እርሱም በሁለቱ አባላት መካከል የሚገባው ድምፅ ነው። የደች ጥምር ቃላት አንዳንዶቹ ያለ አያያዥ (ስታት+ሁይስ)፣ አንዳንዶቹ በ«ስ» (ኾት+ስ+ሁይስ፣ «የአምላክ ቤት»)፣ አንዳንዶቹም በ«ኧ» ወይም «ኧን» (ዚክ+ኧን+ሁይስ) ይገናኛሉ። እነዚህ ድምፆች በታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የጥንቱ ቋንቋ የአገናዛቢና የእርባታ ቅጥያዎች ቅሪቶች ናቸው፤ ዛሬ ግን እንደ አገናዛቢ አይሠሩም። አገናዛቢነት ቢሆኑ ኖሮ «ስታት» በ«ስታትሁይስ» ያለ «ስ»፣ በ«ስታትስበስቱር» (የከተማ አስተዳደር) ግን ከ«ስ» ጋር የሚመጣበት ምክንያት አይኖርም ነበር። በሌላ በኩል «ስቴደንባው» (የከተማ ፕላን ሙያ) «ስቴደን» የሚለውን የብዙ ቁጥር ቅርጽ ይይዛል።

ታዲያ ተናጋሪው ለአዲስ ጥምር ቃል አያያዡን እንዴት ይመርጣል? አንድሪያ ክሮት፣ ሃራልድ ባየንና ሮበርት ስኽሮይደር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ያቀረቡት መልስ አመሳስሎ ነው። ተናጋሪው የሚመራው በጥብቅ ደንብ ሳይሆን በግራ በኩል ያንኑ ሥር በሚጋሩት የታወቁ ጥምር ቃላት ነው፤ አብዛኞቹ የያዙት አያያዥ ለአዲሱም ይመረጣል። «ስታት» በግራ ሲቆም «ስታትስፓርክ» (የከተማ መናፈሻ)፣ «ስታትስዴል» (ክፍለ ከተማ) እና «ስታትስበስቱር» ሁሉም «ስ» ስለያዙ፣ አዲስ ቃልም ወደ «ስ» ያዘነብላል፤ «ስታትሁይስ» የቆየ ቅርጽ ሆኖ ብቻውን ይቀራል። «ሁይስ» በግራ ሲቆም ደግሞ ቤተሰቡ ያለ አያያዥ ነው፤ ብዙ ቤቶች ማለት ሲፈለግ ብቻ «ሁይዘን» ይመጣል፤ ለምሳሌ «ሁይዘንብሎክ» (የቤቶች ስብስብ) እና «ሁይዘንማርክት» (የቤቶች ገበያ)። እንግዲህ የጋራ ሥር ለማስታወሻ ብቻ የሚጠቅም የመዝገብ ርእስ ሳይሆን በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ የሚሠራ ኃይል ነው።

የዚህ ኃይል ክብደት በአጻጻፍ ክርክር ውስጥ ጎልቶ ታይቷል። በኔዘርላንድስ በሰፊው በሚነገረው አነጋገር በ«ኧን» መጨረሻ ያለው «ን» አይሰማም፤ ስለዚህ «ፓነኩክ» እና «ፓነንኩክ» (በመጥበሻ የሚጋገር ቂጣ) በጆሮ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ይፋዊ የቃላት ዝርዝር በፊት «ን»ን መጻፍ በአብዛኛው በትርጉም ላይ፣ ማለትም የግራው አባል የብዙ ቁጥር ሐሳብ መያዝ አለመያዙ ላይ የተመሠረተ ነበር። ቂጣው በአንድ መጥበሻ ስለሚጋገር «ፓነኩክ» ይጻፍ ነበር። የ1995ቱ ደንብ ከትርጉም ወደ ቅርጽ ዞረ፤ የግራው ስም ብዙ ቁጥሩ በ«ኧን» ብቻ ከሆነ «ን» ይጻፋል፤ በ«ስ»ም መብዛት ከቻለ አይጻፍም። በዚህ መሠረት «ፓነንኩክ» በ«ን»፣ «ኸሜንተሁይስ» (የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ) ግን ያለ «ን» ይጻፋሉ።

ደንቡ የራሱ ልዩ ሁኔታዎች ነበሩት። የእንስሳ ስም በግራ፣ የዕፅዋት ስም በቀኝ ሲሆን «ን» አይጻፍም ተብሎ «ፓርደብሉም» (በደች «የፈረስ አበባ» የምትባል ቢጫ አበባ) ያለ «ን» ቀረ፤ በ2005ቱ ክለሳ ይህ ልዩ ሁኔታ ተሽሮ «ፓርደንብሉም» ሆነ። በ2006 አንዳንድ የኔዘርላንድስ መገናኛ ብዙኃን ከይፋዊው ዝርዝር ተለይተው ለጸሐፊው የበለጠ ነጻነት የሚሰጠውን «ነጭ መጽሐፍ» መከተል ጀመሩ። ለአንድ የማይሰማ ፊደል ይህን ያህል መከራከር ከንቱ ሊመስል ይችላል። በመሠረቱ ግን ክርክሩ ጥምር ቃል የሚጻፈው እንደ ትርጉሙ ነው ወይስ እንደ ቤተሰቡ የሚል ነበር።

ጥምር በጥምር ላይ

ጥምር ቃል ራሱ የሌላ ጥምር አባል መሆን ይችላል። «ኪንደርዚከንሁይስ» (የሕፃናት ሆስፒታል) በቀኙ ሙሉውን «ዚከንሁይስ» ይዟል፤ «ሁይስአርትሰንፖስት» (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የቤተሰብ ሐኪሞች የሚሠሩበት ማዕከል) ደግሞ በግራው ሙሉውን «ሁይስአርትስ» ይዟል። የሁለቱ ቤተሰቦች መለያየት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ግን «ዚከንሁይስአርትስ» በሚለው ቃል ነው። በጽሑፉ ላይ «ዚከንሁይስ»ም «ሁይስአርትስ»ም ይነበባሉ፤ መካከለኛው «ሁይስ» በሁለቱም ይገኛል። ቃሉ ግን «ዚከንሁይስ + አርትስ» ነው፤ በሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ማለት ነው። «ዚከን + ሁይስአርትስ» ብሎ የከፈለ አንባቢ በሽተኞችን የሚያክም የቤተሰብ ሐኪም የሚል፣ ተቃራኒ ሊባል የሚችል ትርጉም ላይ ይደርሳል። «ሁይስ» እዚህ መሪ ነው፤ የሚመራው ግን «ዚከንሁይስ»ን ብቻ ነው። የጠቅላላው ቃል መሪ «አርትስ» ስለሆነ አመልካቹ «ደ» ነው።

ከአማርኛ ጋር ሲነጻጸር

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። አማርኛ በ«ቤት» ዙሪያ ሦስት ቅርጾች አሉት። የመጀመሪያው ከግእዝ የወረሰው የዘርፍ አያያዝ ነው፤ «ቤተ መንግሥት»፣ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «ቤተ መጻሕፍት»። በእነዚህ መሪው በግራ ይቆማል፤ ምልክቱም በራሱ በመሪው መጨረሻ ላይ ይታያል። ሁለተኛው «ትምህርት ቤት»፣ «ፍርድ ቤት»፣ «ምግብ ቤት» የሚለው ነው፤ መሪው በቀኝ ይቆማል፣ ቅርጹም ከ«ኮፊሁይስ» ጋር አንድ ነው። ሦስተኛው «የቤት ሥራ»፣ «የቤት እንስሳ»፣ «የቤት ዕቃ» የሚለው ሲሆን «ቤት» ገላጭ ይሆናል። ደች በቦታ ብቻ የሚገልጸውን አማርኛ እዚህ በ«የ» ያሳያል፤ «ሁይስቬርክ» እና «ሁይስዲር» ቀጥተኛ አቻ ያገኙትም በዚሁ ቅርጽ ነው።

በደች መሪውን ለመለየት ጾታ እንደሚያገለግል፣ በአማርኛ የብዙ ቁጥር ያገለግላል፤ የሚገኘው ውጤት ግን የተወሳሰበ ነው። «ትምህርት ቤቶች» ሲባል የብዙ ቁጥር ምልክቱ በመሪው ላይ ያርፋል። «አብያተ ክርስቲያናት» ሲባልም የግእዙን ሥርዓት ተከትሎ መሪው «ቤት» ወደ «አብያት» ይበዛል። «ቤተ ክርስቲያኖች» ወይም «ቤተ መንግሥቶች» ሲባል ግን ምልክቱ በቃሉ ቀኝ ጫፍ፣ መሪ ባልሆነው አባል ላይ ይለጠፋል፤ የሚቆጠሩት ግን ሕንፃዎቹ ናቸው። ይህም ተናጋሪዎች የግእዙን አያያዝ እንደ አንድ ያልተከፈለ ቃል ይዘው በአማርኛ ደንብ እንደሚያረቡት ያሳያል። «ኦኸንብሊክ» በደች የደረሰበት ሁኔታ፣ ማለትም ጥምሩ ውስጣዊ መዋቅሩን ጥሎ እንደ ነጠላ ቃል መሄዱ፣ እዚህ በሌላ መንገድ ይታያል።

ንጽጽሩ ለቃላት ስያሜ ሥራም ትርጉም አለው። «ቤተ ሙከራ» በግእዙ ቅርጽ የተሠራ ዘመናዊ ቃል ነው፤ ሲበዛ «አብያተ ሙከራ» እና «ቤተ ሙከራዎች» በሚሉት መካከል ምርጫ ያስነሳል። «ማተሚያ ቤት» ግን ይህ ችግር የለበትም። ከዚህ የግእዙ ቅርጽ ይቅር የሚል መደምደሚያ አይከተልም፤ ክብርና የቆየ ልማድ አለው፤ አጭርም ነው። አዲስ ቃል የሚያወጣ ባለሙያ ግን መሪውን በየት በኩል እንዳስቀመጠና ያ ምርጫ በእርባታው ላይ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

የደች ጥምር ቃላት በጋራ ሥር ቢዛመዱም ዝምድናው አንድ ዓይነት አይደለም። በቀኝ የቆመ ሥር ይመራል፤ ጾታን፣ ቁጥርንና የቃል ክፍልን ያወርሳል። በግራ የቆመ ሥር ይገልጻል፤ ትርጉሙን ለልማድ ክፍት ይተዋል፤ አያያዡን ግን ከራሱ ቤተሰብ ይወስዳል። ስለሆነም «ሁይስ»ን የሚያስተምር ወይም የሚተረጉም ሰው አንዱን ረጅም ዝርዝር በሁለት ዓምድ ቢከፍለው፣ በአንዱ «ዚከንሁይስ»ና መሰሎቹን፣ በሌላው «ሁይስአርትስ»ና መሰሎቹን ቢያኖር፣ ተማሪው ከቃላቱ ጋር ደንቡንም ያገኛል። «ዚከንሁይስአርትስ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብም ቃሉን ከቀኝ ጫፍ ጀምሮ መፍታት እንዳለበት ያውቃል።